ርካሹን ጠጅ ማሳመር

በአንድ ኪሎ ማር ዋጋ ብዙ ኪሎ ስኳር ይገዛል። ርካሽ ጠጅ የሚወለደው ከዚህ ሂሳብ ነው። ማሩ ይቀነሳል፣ ስኳሩ ይጨመራል፣ የጎደለውን ቢጫ መልክ ደግሞ ቀለም ይሞላዋል። በማግስቱ ራሱን የሚያመው ጠጪ «ስኳር አጠጡኝ» ብሎ ያማርራል። እኔ ግን ስኳሩ ከሚወራበት ያነሰ ጥፋት አለበት ባይ ነኝ። ከብዙ ርካሽ ጠጅ ጀርባ የተራበ እርሾ፣ የሞቀ በርሜልና ያልተጠበቀ ጊዜ አሉ። ሦስቱም ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ይስተካከላሉ፤ ይህ ምዕራፍ እንዴት እንደሚስተካከሉ ያሳያል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ተመሳሳይ ጣጣ የገጠማቸው የቤት ጠማቂዎች አሉ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሲደር ለተባለው የፖም መጠጥ መጥመቂያ የሚሆን ርካሽ ካርቶን ይሸጣል። በውስጡ ተመጥጦ የወፈረ የፖም ጭማቂ፣ ትንሽ የእርሾ ፓኬትና የአሠራር ወረቀት ይገኛል። ወረቀቱ ስኳርና ውኃ ጨምሩበት፣ በባልዲ ክደኑት፣ ከሳምንታት በኋላ ጠጡት ይላል። የሚወጣው መጠጥ ያሰክራል፤ ነገር ግን ቀጭንና ደረቅ ነው፣ የፖሙም መዓዛ ጠፍቷል። በዚህ ያልረኩት ጠማቂዎች ውለው አድረው መድኃኒቱን አገኙ። የስኳሩን ከፊል በጭማቂ ተኩ፣ እርሾውን መገቡ፣ ባልዲውን ቀዝቀዝ ያለ ጥግ አኖሩ፣ መጠጡ አፍ ውስጥ ክብደት እንዲኖረው ጥቁር ሻይ ጨመሩበት፣ ከዚያም ታገሱ። ፖም ብርድ የሚወድ ዛፍ ነው፤ በአገራችን ስሙ የገነነው በጨንቻ ደጋ እንጂ የዚህ ምዕራፍ መነሻ በሆነችው በሐረር አይደለም። የሲደር ጠማቂዎቹ ትምህርት ግን ለሐረር ጠጅ በቀጥታ ይሠራል፤ የፖም ጭማቂም ሆነ የማር ብርዝ በስኳር የበለጸገ፣ ለእርሾ በሚሆን ምግብ ግን የደኸየ ፈሳሽ ነውና።

ሐረርን የመረጥኩት በምክንያት ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ የታቀፈው የሐረር አሮጌ ክፍል ጀጎል 82 መስጊዶች የሚቆጠሩበት፣ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከተማ ነው። እዚያ የእንግዳ ክብር በቡናና ከቡና ቅጠል በሚፈላው ቁጢ ይገለጻል፤ አስካሪ መጠጥ የቤቱ ወግ አይደለም። ከግንቡ ውጪ ባለው ከተማ ደግሞ ሌላ ወግ አለ። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት አሸንፎ ሐረርን የያዘው ከሸዋ የመጣው የምኒልክ ሠራዊት፣ ራስ መኮንን ከተማዋን ባስተዳደሩበት ዘመን ከነቤተሰቡ ሲሰፍር የጠላና የጠጅ ልማዱን ይዞ ሰፍሯል። በ1976 ዓ.ም. የሐረር ቢራ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን ገዛው። ፋብሪካው ከከተማዋ በላይ በሚታየው የሐኪም ተራራ ስም የሚጠራ ጥቁር ቢራ አውጥቷል። አልኮል ለማይጠጣው ሕዝብ ደግሞ ሶፊ የተባለውን የብቅል መጠጥ አቅርቧል። አንድ ከተማ ውስጥ ከእርሾ የሚርቅ ቤት፣ እርሾን በልማድ የሚያሠራ ጓዳና እርሾን በቴርሞሜትር የሚቆጣጠር ፋብሪካ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጓዳው ከፋብሪካው የሚማረው አለው፤ ከእርሾ ከሚርቀው ቤትም የሚማረው አለ።

ከዚህኛው ልጀምር። ማርና ውኃ ተቀላቅለው ወዲያው ሲጠጡ ብርዝ ይባላሉ፤ ብርዝ ልጅም ሙስሊምም ጿሚም ይጠጣዋል። ማር ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 18 ገደማ ብቻ ስለሆነ ንቧ ከአበባ ይዛው የመጣችው እርሾ በዚያ ጥፍጥና ውስጥ መራባት አይችልም፤ ደርቆ ይቆያል። ውኃ ሲጨመርበት ይነቃል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚታይ ነገር የለም። አንድ ሁለት ቀን ሲያልፍ ግን ጥቃቅን አረፋ ጠርዙ ላይ ይሰበሰባል፣ ሽታውም ይለወጣል። ስለዚህ ብርዝን ብርዝ አድርጎ ለማቆየት የሚፈልግ ሰው ውኃውን አፍልቶ ያቀዘቅዛል፣ ንጹሕ ዕቃ ይይዛል፣ የበረዘውንም በዚያው ቀን ይጨርሳል። ጠጅ ጣይዋ የምትፈልገው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እርሾው ቶሎና ብርቱ ሆኖ እንዲነሳ፣ ሌላው ተሐዋሲ ግን እንዳይቀድመው ትሻለች። ብርዙ ያለ ሥራ የሚቆይባቸው እነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ለጠጅ አደገኛዎቹ ሰዓታት ናቸው።

ውኃው ራሱ በሐረር ታሪክ አለው። ከተማዋ ለብዙ ዓመታት ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል ከከርሰ ምድር የሚሳብ ውኃ ተራራውን ሽቅብ መገፋት ነበረበት። የዚያ አካባቢ ዐለት ኖራማ ስለሆነ ውኃው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉዳት ያዩታል። ለጠጅ ግን ጥቂት ኖራ ባለውለታ ነው። ማር ከመነሻው አሲዳማ ነው፤ እርሾው ሲሠራ ደግሞ አሲዱን የበለጠ ይጨምረዋል። በንጹሕ ውኃና በስኳር ብቻ የተጠነሰሰ ነገር የሚያለዝበው ስለሌለው አሲዱ በፍጥነት ሽቅብ ይወጣና እርሾውን መሃል መንገድ ላይ ያስቆመዋል። የኖራው ውኃ ያን ግፊት ያለዝበዋል። ስለዚህ ውኃችሁ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ከሱቅ የታሸገ ውኃ ለመግዛት አትቸኩሉ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከክሎሪን ነው። በቧንቧው ያለውም ሆነ ጀሪካን ውስጥ በጠብታ የሚጨመረው ክሎሪን ከጌሾው ንጥረ ነገሮች ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ቤት ሽታ ያመጣል፤ ያ ሽታ አንዴ ከገባ አይወጣም። ውኃውን ማፍላት ወይም አፉን ከፍቶ ማሳደር ይበቃል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ለማጽዳት በቂ ነው። ማሩን ግን አታፍሉ። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት መዓዛ ከእንፋሎቱ ጋር በጣሪያ ይወጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲፈላ አንድ ከመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። ከማር ክብደት ደግሞ 80 ከመቶ ያህሉ ስኳር ነው። የድሮው ልክ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውኃ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በዚህ ልክ በእያንዳንዱ ሊትር ጥንስስ ውስጥ 280 ግራም ስኳር አለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ቢፈላ አልኮሉ 16 ከመቶ ይደርስ ነበር። የቤት እርሾ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ ሳይደርስ ይደክማል፤ የተረፈው ስኳር ጠጁን ያጣፍጠዋል። የአያቶቻችን ጠጅ ጣፋጭም ብርቱም የሆነው በዚህ ነው። አንድ ለአምስት ሲበረዝ ግን ስኳሩ በሊትር 187 ግራም ይሆናል፤ እርሾው አንድም ሳያስቀር ይበላዋል፣ 11 ከመቶ አልኮል ይተዋል፣ ጣፋጭነቱ ይጠፋል። ቀጭኑ ጠጅ «ደረቅ» የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሲቀርብ ስኳር የሚበጠበጥበትም ለዚሁ።

መለኪያ የሌለው ሰው ትኩስ እንቁላል ይጠቀም። በአንድ ለሦስት ብርዝ ላይ ትኩስ እንቁላል ይንሳፈፋል፤ በአንድ ለአምስት ይሰጥማል፤ በአንድ ለአራት አካባቢ ይዋልላል። የአውሮፓ የማር ወይን ጠማቂዎች ለዘመናት በዚህ ሠርተዋል። እንቁላሉ ያረጀ ከሆነ ውስጡ አየር ስለሚኖር ይዋሻል፤ ከዕለቱ የተገኘ ይሁን። ሃይድሮሜትር የተባለውን የመስታወት መለኪያ ያገኘ ሰው ግን ለመግዛት አያመንታ፤ ለጠጅ ቤት ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ከስኳርና ከማር የቱ ይጨመር የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። ስኳር መርዝ አይደለም። እርሾ ስኳሩን በራሱ ሰንጥቆ ስለሚበላው በሎሚ ማፍላትም አያስፈልግም። ጉድለቱ ባዶነቱ ነው፤ ከስኳር አልኮል ብቻ ይወጣል። ከማር ግን አልኮሉ ከወጣ በኋላም የአበባው ሽታ፣ አሲዱ፣ ማዕድኑ ይቀራል። ታዲያ ማሩ ትንሽ ከሆነ መቼ ይጨመር? አብዛኛው ቤት ማሩንም ስኳሩንም በመጀመሪያው ቀን አንድ ላይ ይበጠብጣል። ይህ ልማድ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥንስሱ ሲንተከተክ የሚወጣው ጋዝ የማሩን መዓዛ እየጠረገ ይወስደዋል። ክፍሉ ሁሉ ማር ማር የሚሸተው ጠጁ እየከሰረ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግለት ለስኳሩ ይሁን። 20 ሊትር ለሚሆን ጥንስስ 2 ኪሎ ስኳርና ጥቂት ማር ይዘው ይጀምሩ፤ ማሩ ለእርሾው መነሻ እንዲሆን ነው። ስድስትና ሰባት ቀን ሲሞላው፣ አረፋው ሲሰክን፣ የቀረውን ማር በሁለት ጊዜ ከፍለው ይጨምሩ። ማሩ በድምሩ 2 ኪሎ ከሆነ ከስኳሩ ጋር ተዳምሮ ወደ 10 ከመቶ የሚጠጋ አልኮል ይሰጣል። ያው ገንዘብ፣ ያው ዕቃ፣ ነገር ግን መዓዛው ይበልጥ የጎላ ጠጅ። እርሾውም በመጀመሪያው ቀን በጥፍጥና ስላልታፈነ በርትቶ ይሠራል። የሲደር ጠማቂዎች የጭማቂውን ከፊል ለመጨረሻ የሚያቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የእርሾው ምግብ ነው። ሰው በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር ሁሉ እርሾም በስኳር ብቻ አይኖርም፤ ናይትሮጅን ይሻል፣ ቫይታሚን ይሻል። ማር ከዚህ በጣም ጥቂት አለው፣ ስኳር ምንም የለውም። የተራበ እርሾ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ እየጎተተ ለሳምንታት ይንፏቀቃል፤ በዚህ መሃል የኮምጣጤ ባክቴሪያ ዕድል ያገኛል። ሁለተኛ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ያወጣል። ይህን ሽታ የሸተተች ጠጅ ጣይ ጋኑን ወይም ጌሾውን ትወቅሳለች። ምክንያቱ ግን ረሃብ ነው።

ፋብሪካ ለዚህ ዱቄት ይገዛል። ጓዳ ግን ከዳቦ እርሾ ሊሠራው ይችላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈላል። የሞተው እርሾ ለሕያው እርሾ ምግብ ይሆናል። ለ20 ሊትር ግማሹ በመጀመሪያው ቀን፣ ግማሹ በሦስተኛው ቀን ይገባል። ከሳምንት በኋላ ማብላት ግን አይገባም፤ ያኔ የሚበላው ጠጁን የሚያበላሸው ተሐዋሲ ነው። ዘቢብ የሚጨምሩ አሉ። ዘቢብ ጥሩ ጣዕም ይሰጣል፤ ምግብነቱ ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም፣ እፍኝ ዘቢብ ሃያ ሊትር አይቀልብም።

አየርም ምግብ ነው፤ በጊዜው ከሆነ። እርሾው ሲራባ የሕዋሱን ሽፋን የሚሠራበት ኦክስጅን ስለሚፈልግ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥንስሱን በንጹሕ ማማሰያ ጠንክሮ ማማሰል ይገባል። ከዚያ በኋላ ማማሰል ጥፋት ነው። በርሜሉ ይዘጋል፤ ከክዳኑ ቀጭን ጎማ ወጥቶ ጫፉ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ጋዙ በውኃው ውስጥ እየቦለቀ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስም። የሲደሩ ካርቶን ይህን ዕቃ ከፕላስቲክ ሠርቶ ይሸጣል፤ ሐረር ላይ ከማንኛውም የቧንቧ ዕቃ ሱቅ የሚገኝ የጎማ ቁራጭ ይተካዋል።

ስለ ሙቀት ሳስብ በሐረር ሰዎች እቀናለሁ። እርሾ በ18 እና በ24 ዲግሪ መካከል ሲሠራ ንጹሕ ጣዕም ያወጣል። ከ30 ሲያልፍ በፍጥነት ይፈላል፤ ነገር ግን ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ከባድ አልኮሎችን አብሮ ያመርታል። በርካሽ ጠጅ የሚታማው የመንደድ ጣዕም አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ስትነድ፣ ሐረር የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ጠጅ በሚወደው አየር ውስጥ ትገኛለች። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ቀንና ሌሊቱን ስለሚያመዛዝኑ ከቆርቆሮ ቤት እጅግ ይሻላሉ።

ይሁን እንጂ ጥንስሱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። 100 ሊትር የያዘ በርሜል በሦስተኛው ቀን ከክፍሉ ብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል፤ 20 ሊትር ግን ሙቀቱን በጎኑ ያስወጣል። ብዙ ጠጅ የሚጥል ሰው አንድ ትልቅ በርሜል ከሚሞላ ብዙ ትናንሽ ዕቃ ቢሞላ ጣዕሙ ይሻሻላል። የድሬዳዋ ሰው ዕቃውን ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቁሞ በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልለው፤ ደረቅ አየር እርጥበቱን ሲያተን ሙቀቱን ይወስዳል። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን «ቶሎ ይድረስልኝ» የሚል የችኩል ሰው ሥራ ነው፤ ለዚያ ችኮላ የሚከፍለው ጠጪው ነው።

ጌሾ ሲነሳ ብዙ ሰው እርሾው ከጌሾ ይመጣል ይላል። ጌሾ በላዩ ተሐዋሲያን ይዞ መግባቱ እውነት ነው፤ ዋና ሥራው ግን መራራነቱና አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ማዳከሙ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኬሚስት ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው በጌሾ ቅጠል ውስጥ ያገኙትን መራራ ንጥረ ነገር «ጌሾይዲን» ብለውታል፤ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ይመረጣል፤ እንጨቱ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ለመቆጣጠር ይመቻል። ለአምስት ሊትር አንድ እፍኝ ስንጥር በቂ ነው። በርካሽ ጠጅ ላይ ጌሾው ከማሩ የበለጠ ስለሚሰማ ከሳምንት በላይ አታቆዩት፤ በየቀኑ ቀምሳችሁ መራራው ደስ ሲል አውጡት። ስኳር የበዛበት ጠጅ አፍ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ከተሰማ የሲደር ሰዎች ብልሃት ይሠራል፤ ለ20 ሊትር ሁለት ሦስት ብርጭቆ ጠንካራ የቀዘቀዘ ሻይ መጨመር ነው። ቁጢም ምላስ የሚይዝ ቅጠል ስለሆነ በአንድ ሊትር ላይ ሞክሮ ማየት ለሐረር ጓዳ የሚያምር ሙከራ ይመስለኛል።

እርሾው በእርግጥ ከየት ይመጣል? ከማሩ፣ ከጌሾውና ከሁሉም በላይ ከዕቃው። የሞገሴ አሸናፊ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት ከጠጅ ውስጥ የተለያዩ እርሾዎችንና የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ለይቷል፤ የዳቦውና የወይኑ እርሾ ዘመድ የሆነው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬም ከመካከላቸው ነበር። የጥናቱ ትልቁ ትምህርት ጠጅ ከቤት ቤት ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥም ከጊዜ ጊዜ እንደሚለያይ ማሳየቱ ነው። የሸክላ ጋን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለፈውን ጠጅ እርሾ ያስቀምጣል፤ «የዚያች ሴት እጅ ጥሩ ነው» የሚባለው ግማሹ የጋኗ ሥራ ነው። የፕላስቲክ በርሜል ይህን አይወርስም፤ ታጥቦ ንጹሕ ይሆናል፣ ትዝታ ግን የለውም። ስለዚህ በፕላስቲክ የሚጥል ሰው እርሾውን በእጁ ማስተላለፍ አለበት። ከጥሩ ጠጅ ሥር ከተረጋው አምቡላ አንድ ብርጭቆ ወስዶ በመጀመሪያው ቀን መጨመር፣ ያ ያለ ሥራ የሚያልፈውን አደገኛ ጊዜ ከቀናት ወደ ሰዓታት ያሳጥረዋል። አምቡላ ካልተገኘ የዳቦ እርሾ ይሠራል፤ ሥሩ በደንብ ስለማይረጋ ግን ረዘም ያለ ማጥለያ ጊዜ ይጠይቃል። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን የወይን እርሾ በፓኬት ይገዛሉ፤ ጌሾ ሲያጡ በቢራው ሆፕ የሚተኩም አሉ፤ ጣዕሙ ሌላ ነው።

ዕቃው ንጹሕ ይሁን ሲባል ግራዋው ይፈትጋል፣ የፈላ ውኃው ይለቀልቃል፤ ይህ የእናቶቻችን ሥርዓት ዛሬም የሚያስተማምን ነው። የቀለም ወይም የኬሚካል የነበረ ባልዲ ግን በምንም አይነጻም። የዚንክ ሽፋን ያለው ቆርቆሮ በርሜልም ይቅር፤ የጠጅ አሲድ ዚንኩን እያሟሟ መጠጡን ይመርዘዋል። ጋን የሚታጠንበትን የወይራ ጢስ የሚይዘው ሸክላ ነው። በፕላስቲክ የጣለ ሰው የወይራውን ሽታ ከፈለገ ትንሽ እንስራ አጥኖ ጠጁን ከማቅረቡ በፊት አንድ ቀን ያሳድርበት።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ነው፤ ርካሹን ከውዱ የሚያቀራርበውም እሱ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ጠጅ በብዛት የሚፈለግበት አንድ ቀን አለ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ሲሞላው እያንዳንዱ ቤት እንግዳ ይጠብቃል። ለዚያ ቀን በታኅሣሥ መጀመሪያ የሚጣል ጠጅ ገና እየፈላ፣ ጉሽ ሆኖ፣ እርሾው ተንሳፎ ይቀርባል፤ ሆድ የሚነፋውም እሱ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ የተጣለ ግን በኅዳር ይረጋል፣ በታኅሣሥ ይጠራል። ለፋሲካ የሚጥል ሰው ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ ቢጥል 55ቱ የጾም ቀናት ሥራውን ይሠሩለታል። በሦስተኛው ሳምንት ጠጁን ከአምቡላው ላይ በጎማ መሳብ ያስፈልጋል። የጎማው መግቢያ ከአምቡላው በላይ፣ መውጫው በሚቀበለው ዕቃ ሥር ይሁን፣ ጠጁ አየር ላይ አይንቆርቆር። የሚገባበት ዕቃ እስከ አንገቱ ይሙላ፤ ግማሽ የሆነ ዕቃ ለአቼቶ የተሰጠ ግብዣ ነው።

የኮምጣጤ ነገር ትንሽ ትኩረት ይሻል፤ በብዛት የሚበላሸው ጠጅ በዚህ ነውና። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው ባክቴሪያ ያለ አየር አይሠራም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ጋዝ ጠጁን ይጠብቀዋል፤ አደጋው የሚመጣው አረፋው ሲቆምና ክዳኑ በየቀኑ ለቅምሻ ሲነሳ ነው። የኮመጠጠ ጠጅ በስኳር አይታከምም። ሽታው አፍንጫን የሚወጋ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ኮምጣጤ ይሁን ብሎ መተው ይሻላል፤ የማር አቼቶ ለሰላጣ ጥሩ ነው። ዕቃው ግን ለሚቀጥለው ጠጅ አይመለስ። ለስላሳ ጎምዛዛነት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከላቲክ አሲድ ባክቴሪያ ስለሚመጣ ብዙ ጠጪ ይወደዋል። ጠጁ በተቃራኒው ልፍስፍስ ብሎ ምንም ጎምዛዛ ከሌለው፣ በስኳር ጠጅ ላይ ይህ ያጋጥማል፣ ሲጠናቀቅ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጠብ ጠብ እያደረጉ መቅመስ ያነቃዋል።

ሐረር ደግሞ የፍሬ ከተማ ናት። በየበሩ ከገጠር የመጡ እናቶች የሚሸጡት ማንጎ፣ ብርቱካንና ዘይቱን ለርካሽ ጠጅ ከቀለም ይልቅ የተሻለ ጓደኛ ነው። ለ20 ሊትር 2 ኪሎ የበሰለ ማንጎ ተልጦ፣ ተፈጭቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ከረጢት ታስሮ በሁለተኛው ሳምንት ይግባ። አታፍሉት፤ ሲፈላ ውስጡ ያለው ፔክቲን ጠጁን ለዘላለም ያደፈርሰዋል። ፍሬው እርሾውንም በጥቂቱ ይመግባል። ብርቱካን ከሆነ ከልጣጩ ላይኛውን ብርቱካናማ ብቻ በስሱ ላጡ፤ ነጩ ይመራል።

ጠጁ ጠርቶ፣ መንተክተኩ ካቆመ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ወደ ጠርሙስ ይገባል። ጣፋጭ የሚፈልግ ሰው ለዕለቱ በሚቀርበው ላይ ብቻ ማር ይበርዝበት። አጣፍጦ ካሸገው እርሾው እንደገና ይነሳል፣ የመስታወት ጠርሙስም ይፈነዳል። ለዚህ አንድ ሃይላንድ ጠርሙስ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሞልቶ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። በየሁለት ቀኑ በጣት ጫን ሲሉት ለስላሳ ከሆነ ሁሉም ሰላም ነው። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የሌሎቹንም ክዳን ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ አኑሮ በቶሎ መጠጣት ይገባል። በርሜሉ ሥር የቀረው አምቡላ አይደፋ፤ አንድ ጠርሙስ ተለክቶ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ የሚቀጥለው ጠጅ መነሻ እሱ ነው።